«ስልኩን የገዛ ወላጅ ይጠየቅበት»? ክርክር

የካዛንቺሷ እናት፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ደሜ ፈላ። ጋዜጠኛው እንግዳውን «ቲክቶክም ሆነ ሌሎቹ የልጆችን ዕድሜ የማጣራት ግዴታ የለባቸውም ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው «ስልኩን የገዛ ወላጅ ይጠየቅበት» ብሎ አለፈው። እንዴት እንዲህ ይባላል? አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖረው ከልክላለች። ያላከበረ ድርጅት እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል። ወላጅና ልጅ ግን አይቀጡም። በልጆቻችን ላይ ብር የሚሠራው ድርጅቱ ነዋ!

ጡረተኛው መምህር፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ልጅ ስልክ ይዞ ሲያመሽ ዝም ያለ ወላጅ ሊጠየቅ ይገባል። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። ቤት ያልተገራን ልጅ ሕግ ሲገራው አላየሁም።

የካዛንቺሷ እናት፦ ጋሼ፣ ማን ገዛላት? ስልኩ የኔ ነው። ሲሙ በኔ ስም ነው። ቴሌብሬም እዚያው ላይ ነው። የልጄ የቤት ሥራ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፋል። ብከለክላት ነገ ክፍል ውስጥ ትቆማለች። ስሰጣት ደግሞ እኔ ወጥ ሳማስል ከግሩፑ ወጥታ ሌላ ቻናል ውስጥ ናት። ይሄን ስልክ ለእሷ ገዛሁ ይባላል?

የፒያሳ ልጅ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው! ዕድሜ ይጣራ ቢባል የሚጣራው የእናትየው ነው። መታወቂያዋን ታስገባለች፣ ያልፍላታል። ከዚያ ስልኩን የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ትይዘዋለች። እኛ ሰፈር አንድ ስልክ ለአራት ሰው ነው።

አራት ኪሎ ኮደር፦ እኔን የሚያስፈራኝ መታወቂያ መላኩ ነው። በመስከረም 2018 ዲስኮርድ የተባለው የመወያያ አፕ የተናገረውን አስታውሱ። ወደ 70,000 የሚሆኑ ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ከሚሠራለት ሌላ ድርጅት በኩል ሾልኮ ሊሆን ይችላል ብሏል። ሰዎቹ መታወቂያ የላኩት ለዕድሜ ጉዳይ ነበር። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ፊትና መታወቂያ ምን ይደረጋል?

ሕግ ተማሪዋ፦ ለዚህ እኮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ደግሞ ሙሉ መታወቂያ መላክ ግዴታ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2017 ይፋ ያደረገው የሙከራ አፕ ለድረ ገጹ የሚነግረው «ከ18 በላይ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ስም የለም፣ የልደት ቀን የለም። ፋይዳን በዚህ መልክ መጠቀም ይቻላል።

አራት ኪሎ ኮደር፦ ፋይዳ አሥር ጣቴን፣ ዓይኔንና ፊቴን ይዟል። እሱን ከቲክቶክ ጋር ላገናኘው? አዋጁን አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን መረጃው ከወጣ በኋላ አዋጅ መልሶ አያስገባውም።

ሕግ ተማሪዋ፦ አላነበብከኝም። ቁጥሩም አሻራውም አይሄድም አልኩህ። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ።

አራት ኪሎ ኮደር፦ አንብቤሻለሁ። «አዎ» የሚለው ማን ነው? እሱ የትኛው ድረ ገጽ እንደጠየቀ ያውቃል ወይስ አያውቅም? እዚህ ላይ መልሺልኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ እሱ ይቆይ። እንግሊዝ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዕድሜ ማጣራት ስትጀምር እገዳ የሚያሳልፉት ቪፒኤን አፖች የማውረጃው ዝርዝር አናት ላይ ወጡ። እዚህስ በ2015 ቲክቶክና ቴሌግራም ሲዘጉ ቪፒኤን ያልጫነ ማን ነበር? ለአባቴ የጫነለት የ11 ዓመት ወንድሜ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ይኸው! ልጁ አባቱን ካስተማረ ጥፋቱ የማን ነው? ስልኩን የገዛ ይጠየቅበት።

የካዛንቺሷ እናት፦ እርስዎ ደግሞ «የገዛ፣ የገዛ» ይላሉ! ስልክ ያስገዛን ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑ የቤት ሥራውን ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት ልጄ ማታ ስልክ ምን ያደርግላታል?

ጡረተኛው መምህር፦ መምህሩን አትንኪ ልጄ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ይዞ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እያካፈለ የሚያስተምር ሰው ነው። መጽሐፉን ፎቶ አንስቶ የሚልከው ሁሉም እንዲደርሰው ብሎ ነው። በራሱ የሞባይል ካርድ!

የካዛንቺሷ እናት፦ መምህሩን አልሰደብኩም ጋሼ። ግን መምህሩ ካልተጠየቀ፣ ድርጅቱ ካልተጠየቀ፣ እኔ ብቻዬን ለምን እጠየቃለሁ?

ሕግ ተማሪዋ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ቲክቶክ ራሱ ከ13 በታች አትግቡ ይላል። የራሱን ደንብ ያስከብር። ልጅ የሚያየውንና የሚወደውን ለይቶ ቪዲዮ የሚያቀርብ ድርጅት ልጅ መሆኑን አላወቅሁም ሊል አይችልም።

አራት ኪሎ ኮደር፦ እንዲያውቅ ከፈለግሽ የበለጠ ይሰልለን እያልሽ ነው። ደግሞ በአንድ ስልክ እናትም ልጅም እያዩበት ማንን ይለያል? እኔ የምለው ስልኩ ራሱ የልጅ መግቢያ ይኑረው። ቴሌግራም ግሩፑ ብቻ ይከፈት፣ ሌላው ይቆለፍ። ያኔ መታወቂያ የትም አይሄድም።

የካዛንቺሷ እናት፦ የኔ ስልክ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። አሮጌ ነው፣ አፕዴት ሲደረግ ይቆማል።

የፒያሳ ልጅ፦ የብዙ ሰው ስልክ እንደዚያ ነው። ኮደሩ አዲስ ስልክ ይዞ ነው የሚያወራው።

አራት ኪሎ ኮደር፦ የኔን ስልክ ተወው። ሕግ ተማሪዋ፣ አሁንም እየጠበቅሁ ነው። ማን እንደጠየቀ ይመዘገባል ወይስ አይመዘገብም?