የሳንባ ነቀርሳ በገባበት ቤት ማስክ ማድረግ ያለበት ማን ነው?

የኮተቤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ ሳል አልለቀው ብሎ አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበትና ባለፈው ሰኞ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምሯል። የምንኖረው ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሲሆን እናቴ፣ እኔና የአራት ዓመት ልጄ አብረነው ነን። እናቴ ቀኑን ሙሉ ማስክ አድርጋ ትውላለች፤ እሱ ግን «ትንፋሽ ያሳጥረኛል» እያለ ያወልቀዋል። ጎረቤቶች ደግሞ ብርጭቆና ሳህኑን እንድንለይ ይመክሩናል። ተህዋሲው በዓይን የማይታይ ከሆነ ይህ ስስ ነገር እንዴት ሊይዘው ይችላል? ማድረግ ያለበትስ እሱ ነው ወይስ እኛ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለበት ወንድምሽ ነው። ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ተህዋሲው ለብቻው ሳይሆን በምራቅና በአክታ ፍንጣቂ ተጠቅልሎ ይወጣል። ፍንጣቂው ከአፍ በወጣበት ቅጽበት ገና እርጥብና ትልቅ በመሆኑ ማስኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ካመለጠ ግን ወዲያው ደርቆ ይረቅቅና በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ እናትሽ ያደረጉት ተራ የሕክምና ማስክ፣ በጉንጫቸው በኩል ክፍተት ስላለው፣ ሊያስቀረው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው።

በደቡብ አፍሪካ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። መድኃኒት የተላመደ (የተለመደው መድኃኒት የማያሸንፈው) ነቀርሳ የያዛቸው ሕሙማን አንድ ቀን ማስክ ያደርጋሉ፣ በማግስቱ ያወልቃሉ፤ የክፍላቸው አየር በየተራ ጊኒ ፒግ የተባሉ ትናንሽ እንስሳት ወደሚኖሩባቸው ሁለት ማቆያዎች ይላካል። በእያንዳንዱ ማቆያ 90 እንስሳት ነበሩ። ማስክ ባልተደረገባቸው ቀናት የወጣውን አየር ከተነፈሱት 69ኙ ሲያዙ፣ በተደረገባቸው ቀናት ግን የተያዙት 36 ናቸው። የተያዙት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ ሆኖም 36ቱንም መርሳት አይገባም።

ቤተ ሙከራ፦
በነርሷ መልስ ላይ ስለ ማስኩ አሠራር ልጨምር። ብዙ ሰው እንደ ወንፊት ያስበዋል፣ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። የሕክምና ማስክ መካከለኛ ንብርብር እጅግ ቀጭን በሆኑ የፕላስቲክ ክሮች የተሠራ ሲሆን ክሮቹ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ከቀዳዳው ያነሰውን ብናኝ እንኳ ስበው ያስቀሩታል። ኤን-95 የሚባለው የማስክ ዓይነትም ስሙን ያገኘው ለማጣራት አስቸጋሪ ከሆኑት፣ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ስፋት ካላቸው ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ስለሚያስቀር ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም ብቻ ነው። ማስክን በሳሙና አጥቦ ደጋግሞ መጠቀም የክሮቹን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚያዳክም አይመከርም። መተንፈሻ ቫልቭ ያለውን ለታማሚው አትግዙ፤ የሚያስወጣውን ትንፋሽ ሳያጣራ ይለቀዋልና። (ኮሮና በገባ ጊዜ አገጭ ላይ እናንጠለጥለው የነበረው ለምንም አልጠቀመንም።)

የዳነው፦
እኔም ስድስት ወር መድኃኒት ወስጄ ድኛለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስክ በእርግጥ ያፍናል። ስለዚህ ወንድምሽ ደጅ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ያውልቀው፣ ቤት ሲገባና ሰው ሲቀርበው ያድርገው። ከማስኩ እኩል የሚያስፈልገው አየር ነው፤ የእኛ ሰው ግን ታክሲ ውስጥም ሆነ ቤት «ብርድ ይመታኛል» ብሎ መስኮት ይዘጋል። ሳህኑን ስለ መለየት የሚነግሯችሁን ግን አትስሙ። ነቀርሳ በዕቃ አይተላለፍም፤ እኔን ከበሽታው ይልቅ የጎዳኝ ያች ለብቻዋ የተቀመጠች ብርጭቆ ናት።

የኮተቤዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለልጄም ትንሽ ማስክ ልግዛለት?

ነርሷ፦
የአራት ዓመት ሕፃን ማስክ በአግባቡ አድርጎ ሊውል አይችልም፣ ስለዚህ በእሱ አትተማመኚ። ልጁን ነገ ዛሬ ሳትዪ ወንድምሽ ወደሚታከምበት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሽታው ቶሎ ስለሚበረታባቸው ይመረመራሉ፣ ካልታመሙም መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። እናትሽና አንቺም አብራችሁ ተመርመሩ። ወንድምሽ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ ተህዋሲው መድኃኒት የተላመደ እስካልሆነ ድረስ፣ የማስተላለፍ አቅሙ በሳምንታት ውስጥ እጅግ ይቀንሳል፤ ማስኩን መቼ እንደሚያቆም ግን የሚከታተሉት ባለሙያዎች ይንገሩት።