«ተጭኗል፤ ምክንያት የለውም»

(የአንድ ትምህርት ቤት ሰዎች ወግ፤ እያንዳንዱ በመጣበት ከተማ ይጠራል።)

የቢቸናው፦ ዛሬ ስብሰባ ላይ የሰማሁት አልዋጥልህ አለኝ። ርዕሰ መምህሩ «ኖቱም ወርክሺቱም ጎግል ክላስሩም በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ላይ ተጭኗል። ያላነበበ ተማሪ ምክንያት የለውም» አሉ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስንቁን ይዞ ይመጣል እንጂ ዳታ ይዞ አይመጣም። ስልክ የሌለው በምን ይክፈተው?

መምህርት ከማርቆስ፦ ንግግሩ ይከብዳል፣ እውነትህን ነው። ሥራውን ግን አትጣለው። እኔ ክላስሩም ላይ በየምዕራፉ ነው የምደረድረው። ምዕራፍ 3ን የፈለገ በቀጥታ ያገኘዋል። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ግን ኖቱ ከ«መልካም በዓል» ፖስተር ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ቴሌግራምን አትንኩብን! እስከ 2 ጊጋ ባይት ፋይል ይቀበላል። ክላስሩም ኢሜይል ይጠይቃል። ለብዙው ልጅ ኢሜይሉን የከፈተለት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ሰው ነው። ፓስወርዱን ራሱ አያውቀውም።

የቢቸናው፦ እኔ የትኛው ይሻላል አላልኩም። «ምክንያት የለውም» የሚለውን ነው የያዝኩት። በ2015 ክረምት ላይ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የተጫነው ሁሉ ለማን ደረሰ?

መምህርት ከማርቆስ፦ ለዚህ ነው ሙድል የሚባለው የመማሪያ ሶፍትዌር ይሻላል የምለው። ነፃ ነው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት ይገባል። ኮሊብሪ የሚባለው ሌላ የመማሪያ ሶፍትዌርም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። የኮምፒውተር ላቡን ቆልፈን ምን እናደርገዋለን?

የቡሬው፦ መብራት ሲጠፋስ? ደግሞ ግልጹን እንነጋገር። አንዳንዱ መምህር ከኢንተርኔት ያገኘውን ይጭናል። የራሱን ኖት ፎቶ ኮፒ ቤት አስቀምጦ ያሸጣል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ መምህሩን አትንካ። በምን ደመወዝ እንደሚኖር ታውቃለህ።

የቡሬው፦ አውቃለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ መምህር ነው። የጎደለው ግን ከደሃ ልጅ ኪስ አይሞላም።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ሁሉንም በአንድ አትጨፍልቅ። በራሱ ዳታ የሚጭን ስንት አለ!

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከደጀን፦ መምህሮቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከ2016 ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። እኛ ማውስ የምንይዘው አልፎ አልፎ ነው። ፕላትፎርሙን አታስቀሩብን። ላቡ ከክፍል በኋላ ይከፈትልን፤ ስልክ የሌለን እዚያ እናነባለን። በተለይ ሴቶቹ ስልክ ቢኖረንም ቤት ስንገባ ሥራው ይጠብቀናል።

መምህርት ከማርቆስ፦ ሰማችሁ? ነገ ሄደን ቁልፉን እንጠይቅ። ንግግሩን ተወው።

የቢቸናው፦ ቁልፉን እንጠይቅ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ንግግሩን ግን አልተወውም። «ምክንያት የለውም» ተብሎ የወርክሺቱ 10 ማርክ እየተቀነሰበት ያለ ልጅ አለ። መጀመሪያ ማርኩ ይመለስለት።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ማርክ የሠራ ነው የሚያገኘው።

የቢቸናው፦ ያልደረሰውን ወርክሺት እንዴት ይሥራው?