በሐሰት አትመስክር ብዬ እያስተማርኩ እኔ ግን በየቀኑ እየዋሸሁ ነው፣ ምን ላድርግ?

የእሁድ_መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰንበት ትምህርት ቤት አዳጊዎች ክፍል አስተምራለሁ፣ ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፣ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በሥራ ቀን ደሞ የኮንስትራክሽን ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። እንደምታውቁት ሰው ዋጋ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚባለው "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ነው፣ ባለቤቱ እንደዛ በይ ስላለኝ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዛ እያልኩ ነው፣ ማሽኑ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እኔ በእጄ ብጣሽ ወረቀት ላይ እፅፋለሁ።

የዛን ቀን አንድ አባት ሴራሚክ ሊገዛ መጣ፣ 40 ሺ ነው በደረሰኝ ከሆነ ግን ቫቱ 15 ፐርሰንት ተጨምሮ 46 ሺ ይሆናል አልኩት፣ ያለ ደረሰኝ ይሁን አለኝ፣ ከዛ ቀና ስል ከጎኑ ያለችው ልጅ ተማሪዬ ናት። ፈገግ ብላ ሰላም አለችኝ እንጂ ምንም አላለችም። የዛው ሳምንት እሁድ ግን ዐሠርቱ ትእዛዛት ላይ ነበርን፣ በሐሰት አትመስክር ጋ ስንደርስ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ የሆነውን ነገር እንዳልሆነ አድርጎ መፃፍና ጭራሽ አለመፃፍ አንድ ነው?" አለችኝ። ልጅቷ ልታሳፍረኝ አይደለም የጠየቀችው፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው፣ እኔ ግን ሰዓት አልቋል በሚቀጥለው እንመለስበታለን ብዬ አስወጣኋቸው። ያም ሌላ ውሸት ነበር፣ ገና አስር ደቂቃ ይቀረን ነበር።

አሁን ጥያቄዬ ሥራዬን ልተው ወይስ ማስተማሬን ነው። እናቴን የማስተዳድራት እኔ ነኝ፣ እንዲሁ በስሜት ልወጣ አልችልም። ግን ደሞ እነዛ ልጆች ፊት እንዴት ነው የምቆመው?

ቅን_ነገር፦
እህቴ ራስሽን አታስጨንቂ። አዛዡ እሱ ነው፣ አንቺ ተቀጣሪ ነሽ፣ ኃጢአቱም በእሱ ላይ ነው። ሀገሩ ሁሉ እንደዚህ እየሰራ አንቺ ብቻሽን ምን ልትለውጪ ነው? እናትሽን መጦርም እኮ ትእዛዝ ነው፣ አባትህንና እናትህን አክብር ይላል። ይሄን የምልሽ ኃጢአትን ለማቅለል አይደለም፣ በእንደዚህ አይነት ነገር ሥራ ለቆ ቤተሰቡ የተራበ ሰው በቅርብ ስለማውቅ ነው።

የድሮ_ነጋዴ፦
ልጄ፣ እኔ በርበሬና ቅመማ ቅመም ከ30 ዓመት በላይ ነግጃለሁ። በርበሬ ትንሽ ውሃ ነካ ከተደረገ በሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ይሄን የማያውቅ ነጋዴ የለም፣ እኔም አደርገው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቼ አላውቅም፣ ልጄንም በየሰንበቱ እጁን ይዤ ነው የምወስደው፣ ጸሎቱን ፆሙን በደንብ ነው ያስተማርኩት ብዬ በልቤ እኮራ ነበር። 15 ዓመት ሲሞላው ክረምት ላይ ሱቅ እንዲያግዘኝ አስገባሁት። አንድ ቀን ከውጪ ስመለስ ጣሳ ይዞ ጆንያው ላይ ውሃ እየረጨ አገኘሁት። ማነው ያሳየህ ብዬ ጮህኩበት። "አንተ" አለኝ። በቃ ሌላ ቃል አልጨመረም። ምላሴ ደረቀ፣ ምክንያቱም አንድም ቀን አስቀምጬ እንዲህ አድርግ ብዬው አላውቅም፣ ቆሞ አይቶኝ ነው የተማረው።

አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው የሚለውን ምሳሌ 11 ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼው ነበር፣ የዛን ቀን ግን ለእኔ የተፃፈ ሆኖ ተሰማኝ። ማታ ልጄን ጠርቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ካሁን በኋላ አናደርገውም አልኩት። ትርፋችን ቀነሰ፣ ሁለት ዓመት ተቸገርን፣ አልዋሽሽም። ከላይ ኃጢአቱ የአዛዡ ነው ያልከው ወንድሜ፣ የአንተም ሐሳብ ይገባኛል፣ እኔም ብዙ ጊዜ እንደዛ እያልኩ ራሴን አፅናንቻለሁ፣ ግን የምትፅፈው እጅ የእሷ ነው።

ዲያቆን_ነኝ፦
እህታችን፣ ማስተማሩን አቁሚ የሚል ድምፅ ከመጣብሽ ቶሎ አትስሚው። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 መጀመሪያ ላይ መምህራን የባሰውን ፍርድ እንድንቀበል ታውቃላችሁ ይላል፣ ያንን ማሰብሽ ጥሩ ነው፣ ግን የተፃፈው እንድንፈራ እንጂ ልጆቹን በትነን እንድንሸሽ አይመስለኝም። ጌታም ማቴዎስ 23 ላይ ስለ ፈሪሳውያን ሲናገር የሚሉትን አድርጉ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ አለ እንጂ የሚያስተምሩት ሕግ ሐሰት ነው አላለም። አንቺ ብትደክሚም ትእዛዙ ያው እውነት ነው።

ስለ ሥራሽ ግን ዳንኤል ምዕራፍ 1ን እንደገና አንብቢው። ብዙ ጊዜ እሳቱንና አንበሳውን ብቻ ነው የምንሰብከው፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅን እናስባለን፣ ከእሳቱ በፊት የነበረውን ግን እንዘለዋለን። ዳንኤል የንጉሡን ምግብ አልበላም ብሎ ገበታ አልገለበጠም፣ አለቃውን በትህትና ለመነው፣ አለቃው ንጉሡን እፈራለሁ ሲል ደግሞ ወደ ጠባቂያቸው ሄዶ 10 ቀን ብቻ ፈትነን፣ ጥራጥሬና ውሃ ስጠን ከዛ ፊታችንን እይ አለው። ማለትም አልታዘዝም ብቻ ብሎ አላቆመም፣ ሰውየው የሚስማማበት መውጫ ይዞ ነው የሄደው። አንቺም አሠሪሽ ጋ ስትሄጂ የሆነ ነገር ይዘሽ ሂጂ፣ ስቶር ቢሆን ዕቃ ርክክብ ቢሆን። እምቢ ካለ ያኔ ቀጣዩን ታስቢያለሽ።

ሌላው፣ ልጆቹ ፊት ከመናገርሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ ልጆች የእኛን ሸክም እንዲሸከሙ አይደለም የተሰጡን። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም አንድ ያጠፋ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ሲጠሩት በሚያፈስ ዕቃ ውሃ ተሸክሞ ነበር የመጣው፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል እኔ አላየውም ብሎ። ያ ሰው ድሮ ሽፍታ ነበር፣ በኋላ ግን የስንት መነኮሳት አባት ሆኗል።

እናት_ከዳላስ፦
አንብቤ አለቀስኩ። እኔ ደሞ መዝናኛ ቦታ ስንገባ ከ12 በታች ግማሽ ዋጋ ነው ሲሉኝ ልጄ 11 ነው አልኳቸው፣ እሱ ግን 13 ሞልቶታል። ዞር ብሎ አየኝ። መኪና ውስጥ "እማዬ አሁን እኔም ልዋሽ ነው ዕድሜዬን ቢጠይቁኝ?" አለኝ። እዚህ ሀገር ልጅ አድርግ ስለተባለ ብቻ አያደርግም፣ ለምን ይላል፣ መጀመሪያ ላይ ድፍረት ይመስለኝ ነበር አሁን ግን እግዚአብሔር በእሱ በኩል እየጠየቀኝ ነው ብዬ አስባለሁ። ተመልሼ ልዩነቱን ከፈልኩ፣ 9 ዶላር ነው። ገንዘቡን የተቀበለችው ልጅ ግራ ገባት፣ ልጄ ግን እጄን ያዘኝ፣ በዛ ዕድሜው ሰው ፊት እጄን አይነካም ነበር።

አንድ ሐሳብ ልጨምርልሽ፣ ትእዛዛቱን ስታስተምሪ ከአሥረኛው ጀምሪ፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ከሚለው። ልጆች አትዋሽ አትስረቅ ሲባሉ ፖሊስ ነው የሚታያቸው፣ ውሸቱ ማንን እንደሚጎዳ ሲያዩ ግን ይገባቸዋል።

የእሁድ_መምህርት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቆየሁት እያንዳንዱን ስላሰብኩበት ነው። ጋሼ የእርስዎን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት፣ "ልጄ ስለ እኔ ብለሽ ከሆነ እኔ ሽሮም ይበቃኛል" አለችኝ፣ ከዛ በኋላ ነው ጉልበት ያገኘሁት።

ሐሙስ ዕለት አሠሪዬን አናገርኩት፣ ዲያቆን እንዳልከኝ ስቶሩ ሰው እንደጎደለው ስለማውቅ እዛ አድርገኝ ካሸርነቱ ህሊናዬን እየከበደኝ ነው አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሃይማኖተኛ ሰው ነው እሱም። ከዛ የኮሚሽን ነገር ስቶር ላይ የለም ታውቂያለሽ አይደል አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ ከሰኞ ጀምሪ አለኝ። ደሞዜ ቀንሷል ግን ሥራው አለ።

ለንስሐ አባቴም ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብዬ፣ እሁድ ለልጆቹ ያለፈው ጊዜ ሰዓት አልቋል ያልኳችሁ ውሸት ነበር፣ መመለስ ፈርቼ ነው፣ እውነት ለማይፃፍበት ሥራ እጄን አበድሬ ነበር አሁን ትቼዋለሁ አልኳቸው። ክፍሉ ፀጥ አለ። ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ዘኬዎስ ግን የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ አላልሽንም ነበር? የበፊቱስ?"

ይሄኛውን አልሸሸሁትም፣ አላውቅም ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ቅዳሜ ንስሐ አባቴ ጋ ቀጠሮ አለኝ። በእጄ በኮሚሽን የገባውን ከአሁኑ በደብተር እያሰላሁ ነው፣ ገና የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነኝ።