ዓርብ ማታ ለ12 ሰው ታፓስ፦ ምን ያህል፣ በምን ቅደም ተከተል?

የፒያሳ ልጅ፦
ጎንደር፣ ዓርብ ማታ፣ 12 ሰው። እንደ ስፔኖች በትንንሽ ሳህን እየቀማመሱ መጫወት ታስቧል። ግማሹ ጿሚ ነው። ስንት ዓይነት ይበቃል? ሁሉም አንዴ ይቅረብ ወይስ በየተራ? ጭስ ጭስ የሚለው የስፔን በርበሬስ በምን ይተካ?

ባንኮ ላይ፦
5 ዓይነት ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ጉርሻ። ሁሉን አንዴ ከደረደርከው ሰው ተቀምጦ እራቱን ይበላና ጨዋታው ይቀዘቅዛል። የስፔኗ ከተማ ሴቪያ ላይ ሰዉ ባንኮ ተደግፎ አንድ ሁለት ሳህን ያዝዝና ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ግራናዳ መጠጥ ላዘዘ ሳህኗ በነጻ ትመጣለች። ሳን ሴባስቲያን ደግሞ ዳቦ ላይ በስቴኪኒ የተወጋ ፒንቾ ነው፤ አንዳንድ ቤት ሒሳቡን የሚሠራው ስቴኪኒውን ቆጥሮ ነው።
ስለዚህ ወንበር ቀንስ፤ በየ20 ደቂቃው አንድ ሳህን አውጣ። መጀመሪያ የወይራ ፍሬና ለውዝ፣ ቀጥሎ የበሰለ ቲማቲም የታሸበት ፉርኖ ዳቦ፣ ከዚያ ትኩሱ። ቢራውም በትንሽ ብርጭቆ ይሁን፤ እዚያ የሚቀዳው 20 ሳንቲ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ዳሽን ለሁለት ቢቀዳ ሳይሞቅ ያልቃል።

የጾም ወጥ ቤት፦
ለጿሚው የሴቪያውን ስፒናች በሽንብራ ሥራ። ግማሽ ኪሎ ሽንብራ 12 ሰዓት ይዘፍዘፍ። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በተራ ድስት ሰዓታት ይፈጃልና ፕሬሸር ኩከር ተጠቀም። አቼቶና ቲማቲም የሚገባው ሽንብራው ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ከገባ ኮምጣጣው ፍሬውን ያደርቀዋል።
3 ቁራጭ ዳቦና 6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጥበስ፣ ከ1 የሻይ ማንኪያ ከሙን ጋር ሙቀጫ ውስጥ ውቀጥ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምር። ይህ ነው መረቁን የሚያወፍረው። 1 ኪሎ ስፒናች ወይም ቆስጣ ቀቅለህ ውኃውን በደንብ ጭመቅ፤ ካልጨመቅከው ሾርባ ይሆናል። የተቀመመ በርበሬ አታስገባ፣ ኮረሪማው ወደ ወጥ ይወስደዋል። ዛላ በርበሬ ፍሬውን አውጥተህ ብቻውን አስፈጭ። ጭሱ ይቀራል፣ ቀለሙና ጣዕሙ ግን ይቀርባል።

የፒያሳ ልጅ፦
ክክ ሽንብራ ቢሆንስ? ቶሎ ይበስላል።

የጾም ወጥ ቤት፦
ይፈርስብሃል። ሽሮ ከፈለግህማ ሌላ ነገር።

ድንችና እንቁላል፦
ለማይጾመው ቶርቲያ፣ ማለትም የስፔኖች የድንችና የእንቁላል ጥብስ። 700 ግራም ድንች በስሱ ተቆርጦ ከ1 ሽንኩርት ጋር (ስፔኖች ራሳቸው ሽንኩርቱ ይግባ አይግባ እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ ይግባ ባይ ነኝ) በሚሸፍነው የሱፍ ዘይት፣ በዝግታ እሳት 20 ደቂቃ ያህል። መለስለስ እንጂ መቅላት የለበትም። የኑግ ዘይት አይሆንም፣ ጣዕሙ ይገንናል። አጥልለው፣ በረድ ሲል ከ6 የተመታ እንቁላል ጋር ቀላቅለህ 15 ደቂቃ ተወው፤ ትኩሱን ብታፈስበት እንቁላሉ እዚያው ይረጋል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 8 አድርገው። 24 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ ላይ 4 ደቂቃ፣ ከመጥበሻው ሰፋ ባለ ሳህን ገልብጠህ 3 ደቂቃ። ለብ ሲል 24 ቦታ ቁረጠውና ስቴኪኒ ውጋበት።
የጾሙን ቀድመህ ጨርስ፤ መጥበሻውም ማንኪያውም ለየብቻ ይሁን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እዚህ አታንሱት።