ልጄ የጦርነት ዜና ካየ ወዲህ አይተኛም

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 7። ትንሹ በቴሌቪዥን የጦርነት ምስል ካየ ወዲህ ብቻውን አይተኛም። «እኛ ጋም ይመጣል?» ይለኛል። ትንንሽ ልጆች ተደጋግሞ የሚታይን ምስል በየጊዜው እንደ አዲስ ጥቃት ሊቆጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ እሱ ባለበት ዜና መክፈት አቆምን።

አልሆነም። እህቱ ስልኳ ላይ ያየችውን እራት ላይ ታነሳዋለች። እሷን ዝም ማሰኘት አልፈልግም፤ ለተፈናቀሉ ሰዎች ከልቧ የምታዝን ልጅ ናት። እኔም ብሆን ሰላማዊ ሰው ሲገደል ቤታችን ውስጥ ዝም መባል የለበትም ባይ ነኝ።

ባለቤቴ «ለብቻችሁ አውሩ» ይላል። ግን ትንሹ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል፣ ያልሰማውን ራሱ ይሞላዋል፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

እንዲህ የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ትልቋን ሳላፍን ለትንሹ ስለ ጦርነት ምን ብዬ ልንገረው?