በሎኮሞቲቭ ግንባር ላይ የሚበራው ቁጥር የማን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካው ሳዘርን ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ የድሮ ፎቶግራፎች ግራ አጋብተውኛል። እ.ኤ.አ. በ1941 የተሠራው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቁጥሩ 4449 መሆኑ በነጂው ክፍል ጎን ላይ በግልጽ ተጽፎ ሳለ፣ ከፊት ከላይ፣ ግራና ቀኝ ባሉት ትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ ግን በአንዱ ፎቶግራፍ 99፣ በሌላው ደግሞ ኤክስ 4449 ይነበባል። ለምን ይሆን?

መልስ 1፦
99 የሎኮሞቲቩ ሳይሆን የጉዞው ቁጥር ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄደው ዴይላይት የተባለው የመንገደኞች ባቡር 99፣ የመልሱ ደግሞ 98 ይባል ነበር። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ በሆነበት ስፍራ፣ በማለፊያ ሐዲድ (ባቡሮች እንዲተላለፉ ከዋናው መስመር ጎን በተዘረጋ ሐዲድ) ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባቡር ከመውጣቱ በፊት ያለፈው ባቡር በእርግጥ 99 መሆኑን ማወቅ ነበረበት፤ ቢሳሳት ፊት ለፊት ይጋጫል። ስለዚህ ቁጥሩ በሌሊትም እንዲነበብ ከኋላው መብራት ይበራለት ነበር። በመርሐ ግብሩ ውስጥ የሌለ ልዩ ባቡር ግን የጉዞ ቁጥር ስለሌለው፣ ኤክስ የሚለውን ፊደል አስቀድሞ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ያሳይ ነበር።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ አንድ አስፈላጊ ነገር ልጨምር። መንገደኛ ሲበዛ አንዱ ጉዞ ለሁለት ባቡሮች ይከፈልና የመጀመሪያው 1-99፣ ተከታዩ 2-99 የሚል ቁጥር ይይዙ ነበር። ፊተኛው ቀን አረንጓዴ ባንዲራ፣ ሌሊት አረንጓዴ መብራት ስለሚያሳይ፣ ጠባቂው ባቡር ሌላ እንደሚከተል አውቆ ካለበት አይንቀሳቀስም ነበር። የልዩ ባቡር ምልክት ነጭ ነበር። ዩኒየን ፓስፊክም የጉዞ ቁጥር በማሳየት ይታወቅ ነበር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤክስ ያለበትን ፎቶግራፍ ደግሜ ሳየው፣ ከፊት በሁለቱም ጎን ነጫጭ ባንዲራዎች ተሰክተዋል! ታዲያ የሌሎች ኩባንያዎች ሎኮሞቲቮች የራሳቸውን ቁጥር ብቻ የሚያሳዩት ስለምንድን ነው?

መልስ 1፦
አብዛኞቹ ኩባንያዎች ለሠራተኞቹ በሚሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ ላይ የጉዞውን ቁጥር ከሎኮሞቲቩ ቁጥር ጋር አያይዘው ይጽፉ ስለነበር፣ የሚጠበቀው ባቡር በሎኮሞቲቩ ቁጥር ይለይ ነበር። ይህም ድካምን ይቀንስ ነበር፤ በሳዘርን ፓስፊክ አሠራር ግን ሎኮሞቲቩ ለሌላ ጉዞ በተመደበ ቁጥር አሃዞቹን አውጥቶ ሌሎች መተካት ግዴታ ነበር። ሬዲዮና ከአንድ ማዕከል የሚታዘዙ የምልክት መብራቶች ከተስፋፉ በኋላ ኩባንያው በ1960ዎቹ ይህን ልማድ ትቶ፣ በሰሌዳው ላይ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ብቻ ማሳየት ጀመረ።