ጎረቤቴ በአጥሬ ሥር እያስቆፈረ ነው፤ «ፈቃድ አለን» ማለቱ ይበቃል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ ፎቅ የሌለው የብሎኬት ቤት አለኝ። ጎረቤቴ አሮጌ ቤቱን አፍርሶ ጂ ፕላስ ሁለት ለመሥራት በስካቫተር ሲያስቆፍር፣ ከአጥሬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከሁለት ሜትር በላይ ወርዷል። ከሰኞ ወዲህ በሰርቪስ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ አይቻለሁ። ሄጄ ሳነጋግራቸው «ፈቃድ አለን» ከማለት በቀር ወረቀት አላሳዩኝም። ለዓመታት ቡና ስንጠራራ የኖርን ስለሆንን መካሰሱን አልፈልገውም፤ ነገር ግን ጉድጓዱ እንደተከፈተ ክረምቱ እንዳይገባ እሰጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦

ሙያዬ ሲቪል ምሕንድስና ነው። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የሚያድር ሰው ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይና ዛሬውኑ ያስወጡት።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። በዚያ አመዳደብ ከፍታው ከ12 ሜትር የማይበልጥ ጂ ፕላስ ሁለት በምድብ «ለ» ስለሚወድቅ ፕላኑ በተመዘገቡ ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ በሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም በከተማው የግንባታ ፈቃድ ኃላፊ፣ መጽደቅ አለበት። ፈቃድ መኖሩ ብቻውን ግን ብዙ አይነግርዎትም፤ ማየት የሚገባዎት የጸደቀው ፕላን መሠረቱን ከወሰኑ ምን ያህል እንዳራቀውና የቁፋሮው ግድግዳ በምን እንደሚደገፍ ነው። ከአጥር ሥር ሲቆፈር በአጭር በአጭሩ እየከፈሉ፣ አንዱን ክፍል አርማታ ሞልተው ወደሚቀጥለው ማለፍ የተለመደ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ሙሉውን ርዝመት በአንድ ጊዜ መክፈት ግን ለሥራ ተቋራጩ ፍጥነት እንጂ ለእርስዎ ግድግዳ የሚበጅ አይደለም።

በከተማችን ምሥራቅና ደቡብ ብዙ ቦታ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ያለ ቁፋሮም ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ «ስንጥቁ ድሮም ነበረ» የሚል መከራከሪያ እንደሚመጣ ከወዲሁ ያስቡበት። በስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ጂፕሰም ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት፤ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ፎቶ ሲያነሡም ማስመሪያ ያስደግፉበት።

ምላሽ፦

በሕጉ በኩል ለመጨመር ያህል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል፤ አንቀጽ 1149 ደግሞ ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ካሳ እንዲከፈለው ለመጠየቅ ያስችለዋል፤ ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው በር አይደለም። ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤቱ ከነፎቶው ማመልከቻ ያስገቡ፤ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ይያዙ። እኔ አንድ ጊዜ በቃል ብቻ አመልክቼ፣ ከሳምንት በኋላ ስመለስ የሚያስታውሰኝ ሰው አላገኘሁም። ካላስቆሙልዎት ከክሱ ጋር ጊዜያዊ እግድ መጠየቅ ይቻላል።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጂፕሰሙን ዛሬ ጠዋት ለጥፌያለሁ፤ ማመልከቻውንም ነገ አስገባለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ወሰኔን ቢጠይቀኝ ካርታዬን ማሳየት ይበቃል?

ምላሽ፦

ካርታው ላይ ያለው መስመርና መሬት ላይ ያለው አጥር አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ አስቀድመው በቀያሽ ያስለኩ። እኔ በተመሳሳይ ጉዳይ በቁጣ ተነሥቼ ሳስለካ፣ የራሴ አጥር 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎረቤቴ ገብቶ ተገኘ፤ ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። በኋላ ግን ሽማግሌዎች ባሉበት ተቀመጥን። እርሱ የድጋፍ ግንብ ሊሠራና ስንጥቁን ሊጠግን፣ እኔ አጥሬን ሳፈርስ ወደ ወሰኔ ልመልሰው ተስማማንና ሁለታችንም ፈረምን። ግንቡ ሳያልቅ ጉድጓዱ በአፈር እንዳይሞላ የሚለውን ያስገባነው በመጨረሻ ነበር፤ እርስዎ ግን መጀመሪያ ያስገቡት፤ ከተሞላ በኋላ ከሥር ምን እንደተሠራ ማየት አይቻልም።